የመርፌ ሰዓት፦ ከአህመዳባድ እስከ ካች የስምንት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፦ ከቦሌ አህመዳባድ

ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ በፊት የገባው ሦስት የጥልፍ ናሙና ነው። አንዱ እናቴ በሕይወት ሳለች የጠለፈችው የቀሚስ ደረት፣ ሁለቱ አብረውኝ ከሚሠሩ ሴቶች እጅ የወጡ ናቸው። ሽሮ ሜዳ አጠገብ ትንሽ የሀበሻ ልብስ መሸጫ አለችኝ፤ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቷ። ሸማኔው ጨርቁን ያመጣል፣ ጠላፊዎቹ በየቤታቸው ወስደው ይጠልፋሉ፣ እኔ አሰፍቼ እሸጣለሁ። ጠላፊዎቼ ስምንት ነበሩ። አሁን ሦስት ቀርተዋል። አንዷ ዱባይ ሄደች፣ ሁለቱ ፋብሪካ ገቡ፣ አንዷ መንገድ ዳር ቡና ታፈላለች። አምስተኛዋ ቤቷ መቀመጥን መረጠች። እሷ ያለችኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «እትዬ፣ በዚህ ዋጋ ዓይኔን ከምጨርስ ልረፍ።»

የእህቴ ልጅ ሕንድ አገር፣ አህመዳባድ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ይህን በስልክ ሳወጋት ዝም ብላ ሰማችኝና «እትዬ፣ እዚህ ጉጅራት ክልል ውስጥ ካች የሚባል አገር አለ። የገጠር ሴቶች በጥልፍ ቤት ያስተዳድራሉ። ለምን መጥተሽ አታዪውም?» አለች። ገንዘብ ለማጠራቀም ሰባት ወር ፈጀብኝ። የካቲት ላይ ተነሣሁ።

ከቦሌ ማታ ወጥተን ንጋት ላይ ሙምባይ ገባን። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ ያቺ ተኩሏ ቀኑን ሙሉ ስታምታታኝ ዋለች። ከሙምባይ በሌላ አውሮፕላን አህመዳባድ። ልጅቷ ከነባጃጇ ቆማ ጠበቀችኝ። ባጃጅ ከአገሩ የመጣ ነውና እንደ ዘመድ ነው ያየሁት።

ቀን 2፦ አሠሪ የሌላቸው ሠራተኞች

ጠዋት ሴዋን ለማወቅ ወጣን። ሴዋ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር ነው፤ ቃሉ ራሱ በአገሩ ቋንቋ አገልግሎት ማለት ነው። የተመዘገበው በ1972 ነው (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታትና አብረዋቸው የተጻፉት ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቿ ኢላ ባት የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር የሴቶችን ክፍል ይመሩ ነበር። ያኔ አህመዳባድ የፋብሪካ ከተማ ናት። ኢላ ባትን ያሳሰባቸው ግን ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያሉት ሴቶች ናቸው፤ ዕቃ በራሳቸው የሚሸከሙ፣ ጋሪ የሚስቡ፣ አትክልት የሚቸረችሩ፣ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉ።

ማኅበሩን ለማስመዝገብ ሲሄዱ መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም። ሴቶቹ አሠሪ የላቸውም፣ አሠሪ ከሌለ ከማን ጋር ትደራደራላችሁ ነው ነገሩ። ኢላ ባት የሠራተኛ ማኅበር መጀመሪያ ለሠራተኞቹ አንድነት የሚቆም ነው ብለው ተከራከሩና አሸነፉ። ዛሬ አባላቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

በ1974 ደግሞ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። አብዛኞቹ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም ነበር። ለምዝገባው መፈረም ሲያስፈልግ፣ ሌሊቱን ተቀምጠው ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። የቁጠባ ደብተሩ ላይ ደግሞ በፊርማ ፋንታ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። እቁብ ስንሰበስብ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። እኔን የነካኝ ያቺ ሌሊት ናት። አርባ ዓመት ስሟ በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ የኖረች ሴት፣ በገዛ ጣቷ ስሟን ስታወጣው ምን ተሰምቷት ይሆን?

በምዕራብ ጉጅራት በረሃ ዳር ያሉ ጠላፊዎች ከጊዜ በኋላ በዚሁ ማኅበር ሥር ተደራጅተው ሥራቸውን በጋራ መሸጥ ጀመሩ። ኢላ ባት በኅዳር 2022 አርፈዋል። ያገኘኋቸው ሴቶች ሁሉ «ኢላቤን» ነው የሚሏቸው። ቤን እህት ማለት ነው፤ በጉጅራት የሴት ስም ያለ ቤን አይጠራም፣ ሚኒስትርም ብትሆን ሸክም ተሸካሚ። እኔም ከዚህ ቀን ጀምሮ ስሜ ላይ ቤን ተቀጠለልኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ «ሳታዪው አትሄጂም» ብላ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ወሰደችኝ። በ1573 ተሠርቶ ያለቀ ነው። ያሠራው ሲዲ ሰይድ ትውልዱ ከሐበሻ ምድር የሆነ፣ በጉጅራት ሱልጣኖች ዘመን ባለሥልጣን እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በአንድ ዛፍና በሐረጎቹ የተሞላ የድንጋይ መስኮት አለ፤ ድንጋዩ እንደ ዳንቴል ተበስቷል። ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ዛፉ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከከተማዋ ምልክቶች ሁሉ የታወቀው ይኸው ዛፍ ነው፣ በየሱቁ በር ተሥሎ ታዩታላችሁ። ጫማዬን አውልቄ ጥግ ላይ ቆምኩ። ከአራት መቶ ዓመታት በፊት ከእኛ ወገን የሆነ ሰው እዚህ ቆሞ ጠራቢዎቹን አይቷል። ጠራቢዎቹን በስማቸው የሚያስታውሳቸው ግን የለም።

ቀን 3

ጠዋት ሳባርማቲ። ጋንዲ ከ1917 እስከ 1930 የኖሩበት ግቢ ነው፤ የእንግሊዞችን የጨው ግብር የተቃወሙበትን የእግር ጉዞ የጀመሩትም ከዚሁ ነው። እንዝርታቸውን አየሁ። ወንዙ ዳር ትንሽ ተቀመጥን። ማታ ወደ ካች ዋና ከተማ ወደ ቡጅ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። የላይኛው አልጋ ደረሰኝ፤ ከሥር ያሉት ሴቶች የቤት ምግብ ከፍተው እኛንም ጠሩን፣ እንቢ ብንል የማይሆን ነገር ነው።

ቀን 4፦ ቡጅ

ካች በስፋቷ የሕንድ ትልቋ ወረዳ ናት፤ ከ45 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ግራር የሚመስል እሾኻማ ዛፍና ጨው። ዝናብ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሁለት ዓመት ይቀራል። የሰዎቹ ልብስ ግን እንዲህ ያለውን መሬት የሚክስ ነው። ባቡር ጣቢያው በር ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ደረት ላይ ያየሁት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ በመሐሉ የተሰፉት ጣት የማይሞሉ መስተዋቶች፣ ሻንጣዬን አስጥሎኝ ነበር።

ከተማዋ አዲስ ትመስላለች። ምክንያቱን ሁሉም ይነግራችኋል። ጥር 26 ቀን 2001 ጠዋት፣ የሪፐብሊክ በዓል በሚከበርበት ሰዓት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ካችን አፈረሳት። በመላው ጉጅራት ከ13 ሺህ ሰው በላይ አለቀ። ከቡጅ በላይ ባለው ኮረብታ ለሟቾቹ መታሰቢያ ተሠርቷል። ሾፌራችን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ መንገዱን እያሳየን «እዚህ ጋ ትምህርት ቤቴ ነበር» አለና ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከሰዓት በኋላ ከቡጅ ወጣ ብላ ወዳለችው አጅራክፑር ሄድን። መንደሯ ራሷ የመንቀጥቀጡ ልጅ ናት። በእንጨት ማኅተም ጨርቅ የሚያትሙት የካትሪ ቤተሰቦች በቀድሞ መንደራቸው ያለው ውኃ ከአደጋው በኋላ ለማቅለሚያ አልሆን ስላላቸው ነው እዚህ የሰፈሩት። እኛ የመጣነው ግን በ2016 ለተከፈተው የጥልፍ ሙዚየም ነው። ያቋቋመው ሽሩጃን የተባለው ድርጅት ነው።

የሽሩጃንን አጀማመር ከአንድም ሦስት ሰው ሰማሁት፣ ሦስቱም በኩራት ነው የሚያወሩት። በ1969 ካችን ድርቅ መታት። ቻንዳ ሽሮፍ የተባሉ የሙምባይ እመቤት ዳኔቲ ወደምትባል መንደር ለእርዳታ ሥራ መጡ። ሴቶቹ የተራቡ ናቸው፤ በነፃ መቀበል ግን አልፈለጉም። ሥራ ስጡን አሉ። ቻንዳ ሽሮፍ ቀና ብለው ልብሳቸውን ሲያዩት ነው ነገሩ የገባቸው። ጥቂት ሳሪዎች ገዝተው እንዲጠልፉባቸው ሰጧቸው፣ ሙምባይ ወስደው ሸጡላቸው፣ ገንዘቡን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላቆሙም። ሴቶቹ «ካኪ» ይሏቸው ነበር፤ የአጎት ሚስት እንደ ማለት ነው። በ2006 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ያሠሩት ሌላም ነገር አለ፤ ከ1,000 በላይ የጥልፍ ሰሌዳዎች፣ በየጎሣው ስልት፣ በምርጥ እጆች የተጠለፉ። ሰሌዳዎቹን በመኪና ጭነው መንደር ለመንደር አዞሯቸው። ዓላማው ሴቶቹ የአያቶቻቸውን እጅ እንዲያዩ ነበር፣ ከዚያ በላይ እንዲጠልፉ።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነው። ጨርቁ፣ ክሩና የቀለሙ ምርጫ በአንድ ጥቅል ታስሮ ሴትየዋ ቤት ድረስ ይሄዳል። ሥዕሉ የሚወርደው በመርፌ በተበሳሳ ወረቀት ላይ ቀለም በማሸት ነው። እሷ ልጇን እያጠባች፣ ላሟን እያለበች፣ በመሐል ትጠልፋለች። ሲያልቅ ታስረክባለች፣ ሒሳቧን ትቀበላለች። ከእኔ አሠራር ብዙም አይለይም ብዬ አሰብኩና ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ነገ ብቻ ነበር የቆየው።

ቀን 5፦ ሱምራሳር

ከቡጅ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል። ሱምራሳር ላይ የሚጠለፈው ስልት ሱፍ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ከምናውቀው ሱፍ ጋር ዝምድና የለውም። የሱፍ ባለቤቶች የሶዳና የሜግዋል ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከ1971ዱ የሕንድና የፓኪስታን ጦርነት በኋላ ድንበሩን አቋርጠው ከታርፓርካር የመጡ ስደተኞች ናቸው። መሬት፣ ከብት፣ ቤት ወዲያ ቀረ። በእጃቸው የነበረውን ማንም ሊቀማቸው አልቻለም። በ1993 እዚሁ መንደር ካላ ራክሻ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙ የጥበብ ጠባቂ ማለት ነው። ከጅምሩ የያዘው ደንብ ደስ ይላል፦ ለሥራው ዋጋ የሚተምኑት ጠላፊዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የገባንበት ቤት ግቢው በጭቃና በእበት ተለቅልቋል፣ የእናቴን አገር ቤት ነው የሚሸተው። የቤቱ እመቤት ወደ አርባ የሚጠጋት ናት። አማቷ በረንዳው ላይ ኩታቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። «ኬም ቾ» አልኩ፣ ባቡር ላይ የተማርኩትን ሰላምታ። ሁለቱም ሳቁ። ሻይ በኩባያ መጥቶ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ተገልብጦ ተጠጣ። ንግግራችን ከካችኛ ወደ ሂንዲ በሾፌሩ፣ ከሂንዲ ወደ አማርኛ በእህቴ ልጅ ነው የሚመጣው፤ አንድ ጥያቄ ደርሶ እስኪመለስ ሻይ ይበርዳል።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አጠገቧ ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

ጨርቁ ላይ ሥዕል የለም። እርሳስም፣ ኖራም፣ ምንም። ሴትየዋ የያዘችው የጨርቁን ጀርባ ነው፣ መልኩ ወደ ጉልበቷ ዞሯል። የድሩን ክሮች ከንፈሯን እያነቃነቀች ትቆጥራለች፣ መርፌዋን ታስገባለች፣ ትቆጥራለች፣ ታወጣለች። ክሩ ከላይ በኩል ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ሁሉ ነገር ከሦስት ማዕዘን ነው የሚሠራው። ትንንሾቹ ሦስት ማዕዘኖች ሲገጣጠሙ ጣዎስ ይሆናሉ፣ ቤት ይሆናሉ፣ ተራራ ይሆናሉ። አንዲት ክር በቁጥር ከተሳሳተች ጣዎሱ አንገቱ ይጣመማል። ሥራው በጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው፤ ያለ ወረቀት፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ተገልብጦ። ለሠላሳ ዓመት ጥልፍ ያየሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስታቆም የተሠራው የአውራ ጣቴን ጥፍር አያህልም ነበር።

ናሙናዎቼን አወጣሁ። ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። የእናቴን ሥራ ተቀብላ ፊቱን እንኳ ሳታይ ገለበጠችው። ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቋጠሮ ፈለገች፣ ለአማቷ አቀበለች። አማቷ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩና አንድ ቃል ተናገሩ። ሾፌሩ፣ ከዚያ የእህቴ ልጅ፦ «ንጹሕ እጅ» ነው ያሉት። እናቴ ከሞተች ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሰው አገር፣ ጥልፏን የሚያውቅ ሰው ደረሰላት።

ሁለቱን የጠላፊዎቼን ሥራም እንዲሁ ገለበጠች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው በሁለት ቋንቋ ዞሮ ሲደርሰኝ እንዲህ ነበር፦ «ይህን ለሠራችው ስንት ትከፍያታለሽ?»

ነገርኳት።

«በስንት ሰዓት ነው የሠራችው?»

አላውቅም። ለዓመታት አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በቀሚስ ነው የምከፍለው፤ ይህ ዓይነት ደረት ይህን ያህል፣ ያ ዓይነት ያን ያህል። ዋጋው ደግሞ ከገበያው ወደ ኋላ ተሰልቶ የመጣ ነው። ቀሚሱ በስንት ይሸጣል፣ ጨርቁ በስንት ገባ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሱቅ ኪራዩ፣ የተረፈው ለጠላፊ። አፍሬ ዝም አልኩ። እሷ ግን ለማሳፈር አልጠየቀችኝም፤ ተነሥታ ገብታ ደብተር አመጣች።

የልጅ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የክሪኬት ተጫዋች ፎቶ አለበት። ከውስጥ በየገጹ ትንንሽ መስመሮች፣ እኛ ለመቁጠር የምናሰምረውን ዓይነት። እያንዳንዷ መስመር ግማሽ ሰዓት ናት። ማንበብና መጻፍ ብዙ አትችልም፣ መስመር ግን ትቆጥራለች። የትራስ ልብሱ ገጽ 92 መስመር አለው፤ 46 ሰዓት። ተሳስታ የፈታችበትም ተቆጥሯል፣ ክር የመረጠችበትም። ድሮ መንደር ለመንደር ለሚዞር ነጋዴ ስትሠራ እሱ ጨርቁን በአየር ላይ ዘርግቶ አይቶ ይህን ያህል ይላል፣ እሷም ትቀበላለች፣ ልጅ ታሞ ገንዘብ ሲያስፈልግ ደግሞ ቅድሚያ ትቀበልና በዚያው ትታሰራለች። አሁን አዲስ ንድፍ ሲመጣ መጀመሪያ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጠው ይሞክሩታል፣ ሰዓቱን ያያሉ፣ የቀን ገቢያችን ይህን ያህል መሆን አለበት ይላሉ፣ ዋጋው ከዚያ ይጀምራል። ገዢው ከተወደደበት ንድፉ ይቀልላል፤ ሰዓቷ አይቀነስም።

ይህን ስትነግረኝ የድምፅዋ አኳኋን ተራ ነው። እኔ ግን ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

አማቷን ለምን እንደማይጠልፉ ጠየቅኩ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጠቆሙኝ። ሱፍ የዓይን ሥራ ነው፤ አርባ አምስት ሲያልፍ ክሩን መቁጠር እያቃተ ይመጣል። መነጽር ቀደም ብሎ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ አሥር ዓመት ይሠሩ እንደነበር ነገሩን። የሚደግፍ ሰው ምን ያድርግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከዚህ ቤት የወጣሁበት የመጀመሪያ መልስ መነጽር ነው።

ምሳ ባጅራ ከሚሉት የዳጉሳ ዘመድ እህል የተጋገረ ቂጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ተቀጥቅጦ፣ ከነአሬራው። ሁለት በላሁ።

ቀን 6፦ የታገደ ጥልፍ

ዛሬ ወደ አንጃር በኩል፣ ወደ ራባሪዎች። ራባሪዎች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ጥቁር ይለብሳሉ፣ ጥቁሩ ላይ መስተዋት ያበራሉ። ከመካከላቸው ዴባሪያ የሚባሉት ነገዶች ሽማግሌዎች በ1995 ተሰብስበው የገዛ ሴቶቻቸውን ጥልፍ አገዱ። ለራስ መጥለፍ ክልክል፣ የጣሰ ይቀጣል።

ስሰማው ተናደድኩ። የሴት ጥበብ በወንዶች ጉባኤ! ከዚያ አንዲት ሽማግሌ ሴት ሳጥናቸውን ከፍተው የጋብቻቸውን ቀሚስ፣ የአልጋ ልብስና ቦርሳ ሲዘረጉልኝ ሌላውን ጎን አየሁ። ሙሽራይቱ ይዛ የምትሄደው ጥልፍ እየበዛ፣ እየበዛ፣ ካላለቀ ባሏ ቤት አትገባም ወደ ማለት ደርሶ ነበር። አንዳንዷ ዓመታት ቁጭ ብላ ስትጠልፍ ዕድሜዋ ያልፋል። የባል ቤተሰብ ደግሞ ይጠይቃል፣ ይጨምራል። ሴትየዋ «ደክሞን ነበር» አሉኝ። ያም ሆኖ ሳጥኑን ሲዘጉ ክዳኑን በመዳፋቸው ሁለቴ አሹት። ከእግዱ ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ፣ እስከ አሁን አልቆረጠልኝም።

ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የታገደው የእጅ ጥልፍ ነው፤ ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ጥብጣብና ዘርፍ በስፌት መኪና እየገጠሙ አዲስ ዓይነት ጌጥ ፈጠሩ፣ ሃሪ ጃሪ አሉት። ከእነሱ አንዷ ፓቢቤን ራባሪ በዚሁ ስልት ቦርሳ ሠርታ በስሟ የሚጠራ ንግድ አቋቁማለች፤ ዛሬ ሕንድ ውስጥ ስሟ የታወቀ ነው፣ ሥራዋ ባሕር ተሻግሯል። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መንደሯን በሩቅ አየናት። እሷን ለማግኘት አልሞከርኩም፣ ጎብኚ የበዛባት ሴት ሥራ ትሥራ ብዬ።

ቀን 7፦ ባኒ

ወደ ሰሜን፣ ወደ ባኒ የግጦሽ ሜዳ። እዚህ ያሉት ቡንጋ የሚባሉ ክብ ቤቶች የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው፣ ከሩቅ ሲታዩ የእኛው ጎጆ። በ2001 ኮንክሪቱ ሲፈርስ ብዙ ቡንጋ ቆሞ ቀረ፤ ክብነቱ ነው ይላሉ። ውስጡን ሴቶቹ በጭቃ ሐረግ ይሠሩበታል፣ በጭቃው ላይ መስተዋት ይሰካሉ። አንድ ክብሪት ስትጭሩ ግድግዳው በሙሉ ይበራል።

መንገድ ዳር የጥልፍ ሻጮች ተደርድረዋል። አንድ ሱቅ ገባሁና ሱምራሳር የተማርኩትን አደረግሁ፤ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ስስ ነጭ ማጠንከሪያ ጨርቅ ተለጥፏል፣ ክሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ርቀት እየጠበቀ ይሄዳል። የመኪና ሥራ ነው። ሱራትን በመሰሉ የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች ኮምፒውተር የሚጠልፋቸው ጨርቆች «የካች የእጅ ሥራ» ተብለው እዚሁ ካች ውስጥ ይሸጣሉ። የካች ጥልፍ የአገሩ ስም እንዲጠበቅለት በሕግ ተመዝግቦለታል፤ መንገድ ዳር ግን ሕጉን የሚያይ የለም። ከጎኔ የነበሩ ጎብኚዎች እውነተኛውን የእጅ ሥራ የያዘችውን ልጅ ከመኪናው ሥራ ጋር እያወዳደሩ ዋጋ ያስቀንሷታል። ልጅቷ ዝቅ አደረገች፣ ደግማ ዝቅ አደረገች። ሄጄ ላስረዳ ፈለግሁ፣ በምን ቋንቋ? እኔም እኮ በሕይወቴ ሙሉ ስከራከር የኖርኩ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ክርክር ጨዋነት ነው፣ እሱን አልጠላም። እጅን ከመኪና ጋር አስቀምጦ መከራከር ግን ሌላ ነገር ነው።

ማታ የጨው በረሃውን አየነው። ነጭ ነው፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ። ሰው ብዙ ፎቶ ያነሣል።

ቡጅ ተመልሼ ክፍሌ ውስጥ መርፌና የተራረፈ ጨርቅ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት የሱፍ ሦስት ማዕዘን፣ ከጀርባ በኩል፣ በቁጥር። አራት ጊዜ ፈታሁት። በአምስተኛው ሲሆንልኝ ሰዓቴን አየሁ፦ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

ቀን 8፦ መመለስ

ከመሄዴ በፊት ሱምራሳር እንድንመለስ ለመንኩ። ያቺን 92 መስመር ያላትን የትራስ ልብስ ገዛሁ፣ በጠራችው ዋጋ። ሦስት ማዕዘኔን አሳየኋት። ገለበጠችው፣ ሳቀች፣ በጥፍሯ አንዲት ክር አሳየችኝ፤ የተሳሳትኩበትን። አማቷ ላይ ቡጅ የገዛሁትን የማንበቢያ መነጽር አደረግሁ። ዓይናቸውን የለካ ሐኪም አልነበረም፣ መንገድ ዳር የሚሸጥ ነው፣ ልክ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእናቴን ደረት ከጉልበቴ አንሥተው ጀርባውን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

የጉጅራት ሰው ሲሰናበት «አቭጆ» ይላል። ደህና ሁኚ ለማለት ነው፤ ቃሉ ግን ተመልሰሽ ነይ ነው። በሩ ላይ ሁለቱም እንደዚያ አሉኝ።

ባቡር ጣቢያ ስንጠብቅ አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ከቀሩልኝ ሦስቱ ለአንዷ። ምን ይዛ እንደሆነ ጠየቅኋት። ለሚያዝያ ሠርግ የታዘዘውን ቀሚስ ነገ ልጀምረው ነው አለች።

«ስትጀምሪ ሰዓቱን ጻፊልኝ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር።»

«ምን ሊያደርግልሽ ነው፣ እትዬ?»

«ዋጋውን ከዚያ ነው የምናወጣው። አንቺና እኔ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ክር መምረጡስ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል» አልኳት።